ከጥቁሩ ስክሪን ላይ ያልተነበበው

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ እርማት ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የምሳው ሳህን እንኳ ሳይነሣ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥን። ቤታችን መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ የምትገባው በዚያ መስኮት ብቻ ስለሆነ እግራችንን ወደ ብርሃኑ ዘረጋን።

ባለቤቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምር ነበር፤ እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት አሮጌ ማሽኖች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ስለ እሱ ለተማሪዎቹ በአማርኛ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። ዘጠኝ ምዕራፍ ነው። ስክሪን ላይ ማንበብ ስለማልወድ ሦስተኛውን ምዕራፍ አትሞ አመጣልኝ። አስቀድሞ እሱን የሰጠኝ በአማርኛ ለማስረዳት ከሁሉ ያስቸገረው እሱ በመሆኑ ነው። ስለ መሣሪያዎችና ስለ ኮንሶል ነበር።

«‹ሁሉም ነገር ፋይል ነው› ብለህ ጽፈሃል» አልሁት። «ኪቦርዱም ፋይል ነው?»

«ኪቦርዱም፣ ማውሱም፣ ዲስኩም።»

«እንግዲያስ እኔንም ፋይል ነሽ በለኛ!»

«አንቺማ ከተከፈትሽ አትዘጊም» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶዬን ቀምቶ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ እየጻፈ አስረዳኝ። ማሽኑ ለያንዳንዱ ዕቃው ስም ሰጥቶ dev በሚባል አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል። ዲስኩ ሲከፋፈል ክፍሎቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ sda1፣ sda2 እየተባለ ይሄዳል። ፋይል እንደሚነበብ ከኪቦርዱ ይነበባል፤ ፋይል ላይ እንደሚጻፍ ዲስኩ ላይ ይጻፋል። የሰጡትን ሁሉ ውጦ ምንም የማይመልስ ዕቃም አለ አለኝ።

«እሱንስ አውቀዋለሁ» አልሁት። «አቤቱታ የምናስገባበት ቢሮ ነው።»

«ኮንሶል ደግሞ» አለ ሳቁን ሲጨርስ፣ «ማሽኑ ከሰው ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገርበት ነው። ሥዕሉና ጌጡ ከላይ የተለበጠ ነው። ያ ሁሉ ቢወድቅ እንኳ ኮንሶሉ ይቀራል። ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ።»

በምዕራፉ መጨረሻ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ስክሪኑ ጠቁሮ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ቢመጣ ማሽኑ ሞቷል አትበሉ፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ።» በቀዩ ሰረዝሁት።

«ተይው፣ ያስፈልጋቸዋል» አለኝ።

«ከላይ ብለኸዋል፤ ድግግሞሽ ነው።»

«እሺ፣ እመቤቴ» አለና ተወው።

ረቡዕ ጠዋት ሲወጣ መጽሐፉን የሚጽፍበትን ማሽን እየሠራ ተወው። ብዙ ሥዕል ወደ መጽሐፉ እየገለበጠ ስለነበር «ስመለስ አጠፋዋለሁ» አለኝ። በዕረፍት ሰዓት፣ ከመምህራን ክፍል ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞተ።

ታላቅ ወንድሙ ከሚኖሩበት ከቀየት መጡ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር፤ ማሽኑም ጥግ ላይ ሆኖ ያጓራል።

«ይኼ የሚያጓራው ምንድን ነው? ለቅሶ ቤት ራዲዮ ይከፈታል እንዴ?» አሉ።

«ኮምፒውተር ነው፣ ጋሼ» አላቸው አንድ መምህር።

«የፈለገውን ይሁን! ወንድሜ ሞቶ በቤቱ ድምፅ አይሰማም!» ብለው ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት። ከዚያም የራሳቸውን ባና፣ ወፍራሙን የበግ ጠጉር ልብስ፣ ከትከሻቸው አውርደው ማሽኑን ሸፈኑት፤ እሳቸው በዚያ ብርድ በነጠላ ቀሩ።

በእኛ አገር አርባው ሳይወጣ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አይከፈትም። ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ ገመዱ እንደማይነቀል እኔ አውቅ ነበር፤ ሲነቅሉት አይቼ ዝም አልሁ። ጋሼን አልወቅሳቸውም። ለክብሩ ብለው ነው ያደረጉት። የምቆጣው በሌላ ሰው ነው።

ማሽኑ የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆነ አርባው በወጣ በሳምንቱ የሚወስደው ቴክኒሻን ተላከ። ባናውን ገልጦ አበራው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጭ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ወረደና ቆመ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል እንኳ አላየውም።

«እማማ፣ ይኼ ሞቷል» አለኝ።

«እማማ ለመባል ገና ነኝ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ምን ሆኖ ሞተ?»

«ሲስተሙ ተበላሽቷል። ፎርማት አድርገን ሌላ እንጭንበታለን።»

«ውስጡ ያለው መጽሐፍስ?»

«ይጠፋል። ኮፒ የለዎትም?»

«የለኝም። ከአንድ ምዕራፍ በቀር የለኝም።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ያን ቃል አርባ ቀን ሙሉ ከሁሉም ሰው አንገቴን ደፍቼ ተቀብያለሁ። ከእሱ ግን አልቀበልም አልሁ። ያ ቃል እግዚአብሔር ለወሰደው ነው፤ ሰው ማንበብ ታክቶት ለሚያጠፋው አይደለም። ባለቤቴ ሦስት ክረምት የደከመበት ሥራ ነው። የከተማ ልጅ ብቻ የሚያውቀው ነገር አይሁን፣ የእኛም ልጆች በቋንቋቸው ይወቁት ብሎ የጻፈው ነው።

«ምን ይላል?» አልሁት።

«ምኑ?»

«ጽሑፉ ነዋ! ፊትህ የተደረደረው!»

«እሱማ ኤረር ነው። አይነበብም።»

አይነበብም! ሠላሳ ዓመት ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ፣ የተጻፈ ነገር ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ አይነበብም የሚለኝ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጣ። ይኼ ሰው ስንት ማሽን ሞቷል ብሎ ቀበረ? የስንት ሰው ሥራ በእጁ ጠፋ? ሣጥኑን ከፍቼ ሦስተኛውን ምዕራፍ አወጣሁ። የምፈልገው ዓረፍተ ነገር ያው የሰረዝሁት ነበር። ከቀዩ መስመሬ ሥር እንደምንም አነበብሁት፤ በራሴም ተናደድሁ።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተጠግቼ የመጨረሻዎቹን መስመሮች በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። sda2 የሚለው ስም ነበር፤ የዲስኩ ሁለተኛ ክፍል መሆኑ ነው። አጠገቡ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ fsck የሚባለውን መፈተሻ በእጅህ አስነሣ ይላል። ማሽኑ የታመመበትን ቦታም መድኃኒቱንም በራሱ አፍ ተናግሯል። የሚሰማው አጥቶ ነው እንጂ አልሞተም።

ኪቦርዱን ወደ እኔ ሳብሁት።

«እማማ፣ እንዳይነኩት! የመንግሥት ንብረት ነው!»

«አንተ ልታጠፋው አይደል እንዴ? ከዚያ የባሰ ምን አደርገዋለሁ?»

አንድ በአንድ ፊደል እየለቀምሁ fsck /dev/sda2 ብዬ ጻፍሁ። ይህን ልጠግን ወይ እያለ ይጠይቀኝ ጀመር፤ አዎን የሚለውን ፊደል እየተጫንሁ ስንት ጊዜ እንደመለስሁለት አላስታውስም። ሲጨርስ ከወረቀቱ አይቼ exit፣ ውጣ፣ አልሁት። መስመሮቹ እንደገና ወረዱ፣ ከዚያ ስክሪኑ በራ። ቴክኒሻኑ ተነሥቶ ቆሞ ነበር።

መጽሐፉ አለ። ሰባተኛው ምዕራፍ አልከፈትም አለ፤ ገመዱ ሲነቀል ሥዕሉ ይገለበጥ የነበረው እሱ ውስጥ ነበር መሰለኝ። ሌሎቹ ስምንቱ ተከፈቱ። በፍላሽ ላይ ሁለት ጊዜ ገለበጥኋቸው።

«እትዬ» አለኝ ቴክኒሻኑ፣ አሁን እማማነቴ ቀርቶ፣ «ያቺን ትእዛዝ እስቲ ይጻፉልኝ።»

«ስክሪኑ ላይ ተጽፎልህ ነበር» አልሁት።

ማሽኑን ተሸክሞ ሄደ። ቁጣዬ ግን እስካሁን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ባናውን አጣጥፌ ለጋሼ ላክሁላቸው፤ ስለ ሰባተኛው ምዕራፍ አልነገርኋቸውም።

የሰረዝሁትን ዓረፍተ ነገር ወደ ቦታው መልሻለሁ። አሁን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ አራተኛውን ምዕራፍ አርማለሁ።