እንቁላል ያለበት የጾም ፓስታ

ከሠርጋችን ጀምሮ አማቴ ከእጄ እህል ቀምሰው አያውቁም ነበር። ከሳሊተ ምሕረት ቦሌ ቡልቡላ ድረስ ይመጣሉ፣ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ እያረፉ ይወጣሉ፣ ልጃቸውን ይስማሉ፣ እኔንም ይስማሉ። ምግብ ሳቀርብ ግን «በልቼ ነው የመጣሁት ልጄ፣ አትቸገሪ» ነው መልሳቸው። ውሃ ይጠጣሉ፣ ይመርቁናል፣ ይሄዳሉ። ምክንያቱን አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ እኔ ግን ሞኝ አይደለሁም። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የእነሱን ጾም አልጾምም። እሳቸውን ደግሞ ከረቡዕና ዓርብ ጀምሮ አንድም ጾም አያልፋቸውም። የእኔ ቤት ድስት ምን ሲሠራበት እንደዋለ ማን ያውቃል? ባሌ «ተያት፣ እማዬ እንደዚህ ናት» ይለኛል። ተዪው የተባልኩትን መተው ደግሞ አልፈጠረብኝም።

ፓስታው የመጣው በሌላ በኩል ነው። ያኔ ሰፈራችን በየቀኑ ፎቅ ይበቅልበታል፣ አቧራው ለጉድ ነው፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይማራል። እኔም በምሠራበት የጉዞ ወኪል ቢሮ አንዲት ባልደረባዬ፣ ጣሊያናዊት መምህር በኢንተርኔት የፓስታ አሠራር በቀጥታ እንደምታስተምር ነገረችኝና ተመዘገብኩ። «ሱቁ ሙሉ ፓስታ እያለ?» ብሎ ባሌ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ከዘይት ጠርሙሱ አጠገብ አቁሜ ጀመርኩ። ፉርኖ ዱቄቱን መከመር፣ መሐሉን ጎድጎድ ማድረግ፣ እንቁላሉን እዚያ ውስጥ መስበር። የመጀመሪያው ቀን እንቁላሉ ዱቄቱን ጥሶ ወለል ላይ ወረደ። መምህሯ እጇን እያወናጨፈች «ቀስ! ቀስ!» ስትለኝ ኔትወርኩ ቆመና አፏን እንደከፈተች ቀረች። እኔ ተንበርክኬ ስጠርግ አየችኝ፣ አላየችኝም፣ እስከዛሬ አላውቅም።

ቀስ በቀስ እጄ ለመደ። ሊጡን እስኪለሰልስ አሸዋለሁ፣ መዳመጫ ስለሌለኝ በጠርሙስ እዳምጠዋለሁ፣ በቢላ በቀጭኑ ቆርጬ የልብስ ማስጫው ላይ እሰቅለዋለሁ። ጎረቤቴ በረንዳዬን አይታ «ነጠላሽን ተልትለሽ ነው እንዴ ያሰጣሽው?» አለችኝ። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ሳነሳና ትኬት ስቆርጥ ከርሜ፣ በእጄ የሠራሁትን ነገር ቆሜ ማየት ያጠግበኝ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ማታ ባሌ ስልኩን ዘግቶ «እሑድ ከቅዳሴ መልስ እማዬ ምሳ እዚህ ልትበላ ነው» አለኝ። ምን ብሎ እንዳሳመናቸው አልጠየቅኩም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ይህቺ ምሳ ከተበላሸች ሌላ ምሳ አላገኝም። ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ከነማማሰያው ገዛሁ። ቅቤውን ከነዕቃው ጎረቤት ቤት አሸሸሁት። ስጎውን በዘይት፣ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ቀስ ብዬ አበሰልኩት። ፓስታውን እንደልማዴ ቅዳሜ ሠርቼ አድርቄዋለሁ። ፓስታ በስጎ የጾም ምግብ መሆኑን ደግሞ ድፍን አዲስ አበባ ያውቃል፤ ቢሯችን ውስጥ የሚጾመው ሁሉ ምሳው እሱ ነው።

እሑድ አማቴ መጡ። ሳህኑን ፊታቸው አቀረብኩ። አማተቡ፣ ሹካውን አነሱ።

«እንዴት ያምራል! ከየትኛው ሱቅ ነው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት እማማ።»

«ፓስታ ደግሞ ቤት ይሠራል? በምን?» አሉ፣ ሹካው ላይ እየጠቀለሉ።

«በዱቄትና በ...»

ውይ በሞትኩት! ድስት ስቀይር፣ ቅቤ ሳሸሽ፣ ሊጡ ውስጥ ያለውን እንቁላል አንዴም አላሰብኩትም። የሱቁ ፓስታ ጾም ስለሆነ የእኔም ጾም መስሎኝ! ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዝም ብል አማቴ ይበላሉ፣ ስመኘው የኖርኩት ይሆናል። ሹካው አፋቸው ሊደርስ ሲል እጃቸውን ለቀም አደረግኩት፤ ስጎው ነጩ ነጠላቸው ላይ ተንጠባጠበ።

«አይብሉት እማማ! እንቁላል አለበት! በጌታ፣ ረስቼው ነው!»

ባሌ ራሱን ያዘ። እኔ እንባዬ መጣ፤ በቃ፣ ይሄ ቤት ለእሳቸው ዛሬ ተዘጋ ብዬ አሰብኩ። አማቴ ሹካውን አስቀምጠው ሳህኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ዝም ብትዪ እኮ አላውቅም ነበር» አሉ።

«አዎ» አልኩ።

«ረስተሽ ታበይኛለሽ ብዬ አልነበረም የምፈራው። እያወቅሽ ዝም ትያለሽ ብዬ ነው።» ነጠላቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉት። «በይ ተነሺ፣ ዱቄት ተርፎሻል?»

በውሃና በጨው ብቻ አቦካነው። እሳቸው አሹ፣ እኔ በጠርሙስ ዳመጥኩ። ሳይደርቅ ስለገባ ድስቱ ውስጥ ተጣበቀ፣ ግማሹ ወፍራም ግማሹ ቀጭን ሆነ፤ መምህሬ ብታየው ታለቅስ ነበር። አማቴ ግን ጨርሰው «ጨምሪልኝ» አሉ። ባሌ እስኪያንቀው ሳቀ።

በፍልሰታ ሳይጠሩ መጡ። ያቀረብኩት ሌላ ምግብ ነበር። ገና ምን ምን እንዳለበት ልዘረዝርላቸው ስጀምር ጎርሰው ነበር።

«ቢኖርበት ኖሮ እጄን ትይዢው ነበር» አሉኝና መብላታቸውን ቀጠሉ።