ሊሾ ያልሆነው ግማሽ

ጂጅጋ ሜዳ ናት። ጤና ጣቢያውን የሠሩት ግን ፈልገው ባገኟት አንዲት ጉብታ ላይ ነበር። በሰባዎቹ አጋማሽ ከአዲስ አበባ ተመድቤ ስሄድ የመጀመሪያ ሥራዬ ለዚያች ጉብታ የአርማታ የመኪና መውጫ መንደፍ ሆነ። ዝናብ ሲጥል የጤና ጣቢያው ላንድሮቨር ጭቃው ላይ ይቀርና በሽተኛው በሸክም ይወጣል። ባለቤቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። አርማታውን የነደፍኩት ለሕዝብ ነው ብል ውሸት ነው፤ ለእሷ ነው።

ተዳፋቱን ለክቼ፣ ብረቱን አስልቼ ስጨርስ፣ ንድፉ ግርጌ «ላዩ ሊሾ ይሁን» ብዬ ጻፍኩ። በእኔ ቤት ጥሩ ሲሚንቶ ማለት እንደ ሳሎን ወለል ለስልሶ የሚያብረቀርቅ ነው።

ግንበኛው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የከተማው ሶማሌ ነበሩ። ሁሉም «አዴር» ይላቸዋል፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። የታችኛው ግማሽ በፈሰሰ ቀን ከቢሮ ስመለስ፣ እርጥቡን አርማታ ከዳር እዳር በመጥረጊያ ሞነጫጭረውታል። ደሜ ፈላ።

«አዴር፣ ምን ነካዎት? ሊሾ አላልኩም?»

«ሊሾ ጫማ አውልቆ ለሚገባ ሰው ነው፣ ኢንጂነር። መኪና ጫማ ያወልቃል?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። በማግስቱ የላይኛው ግማሽ ሲፈስ ማለስለሻውን ተቀብዬ ራሴ አለሰለስኩት። አዴር ቆመው አዩኝ።

የባለቤቴ ምጥ የመጣው ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዶፉ ሲወርድ ነው። ላንድሮቨሩ የተሞነጫጨረውን ግማሽ ምንም ሳይል ወጣ። ሊሾዬ ላይ ሲደርስ ጎማው ባለበት ይሽከረከር ጀመር፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ባለቤቴ ጮኸች። ጎማው የአዴርን ጭረት ሲያገኝ ነክሶ ቆመ። ያን መጥረጊያ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። የቀረውን በዳር በዳር በቃሬዛ ወሰድናት፤ የጤና ጣቢያውን አጥር ሲገነቡ ዝናቡን ተጠልለው የነበሩት አዴርም ሮጠው መጥተው አንዱን ጫፍ ያዙ።

ልጃችን ከመምሸቱ በፊት ተወለደች።

በማግስቱ ጠዋት መሮና መዶሻ ይዤ ሊሾዬን ልጠርብ ብሄድ፣ አዴር ቀድመውኝ ተንበርክከው እየጠረቡ ነው። ኀፍረት ያዘኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀና አሉ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«አልሐምዱሊላህ። በል አንተ ከላይኛው ጫፍ ጀምር። ልጅቷን ይዘህ ስትወርድ እንዳያንሸራትትህ።»