የናፍጣው ክዳን

ዛሬ ኒውላንድ ሰፈር፣ ሱቄ በር ላይ፣ ጄኔሬተሩ እየተቆራረጠ ጠፋብኝ። ዝናብ እንዳይገባበት በፌስታል ያሰርኩትን የናፍጣውን ክዳን ስፈታው "ሲፍ" ብሎ አየር ሳበ። እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

አባቴ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ሾፌር ነበር፤ ቤታችንም አልጋና ምድጃ የተገጠመለት መኪናው ራሱ። አንድ ክረምት ወደ ኢታንግ ስንሄድ፣ ጭቃው መሃል ሞተሩ እየተነሳ ይጠፋ ጀመር። ትንኝ እንዳይገባ ብለን መስኮቱን ዘግተናል፤ ላባችን ፍራሹን አርሶታል። አባቴ ፊልትሮ ቀየረ፣ ቱቦውን በአፉ ነፋ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የናፍጣውን ክዳን ሲፈታ፣ ታፍኖ እንደቆየ ሰው አየር ሳበ። ለካ ሽታው እንዳይገባብን እናቴ በፌስታል ጠፍራ አስራዋለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ አየር ካላገኘ እኮ ናፍጣውን አይለቅም! ይኼም መተንፈስ አለበት!" ብሎ ጮኸባት።

እናቴ የተዘጋውን መስኮት እያየች፣ "እኔስ?" አለችው።

አባቴ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ሙቀቱን የምታማርር መስሎኝ ነበር። ኢታንግ ስንደርስ "ውሃ ልቅዳ" ብላ ጀሪካን ይዛ ወረደች። ጀሪካኑን ግን "አትጠብቁኝ ብላችኋለች" ብላ የመለሰችልን ሌላ ሴት ናት።

ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሳ። እኔ ግን የሱቁን መስኮቶች ሁሉ ከፍቼም አየሩ አልበቃኝም።