ሐረጎ ላይ የዘገየው ቱርቦ

ዛሬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ከባድ መኪና ልቀድም ወጥቼ ነዳጅ ብረግጥ መኪናዬ አልሄድ አለች። ቶሎ ወደ መስመሬ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ዘይነባ "ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ በሚኒባስ ነው የምመላለሰው!" አለች።

ጉልበት የሚሰጠው ቱርቦ ወደ ሞተሩ አየር በደንብ የሚነፋው ሞተሩ ሲፈጥን ነው። እኔ ግን ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ በአራተኛ ማርሽ አስጨንቄዋለሁ።

ቀጥ ያለ መንገድ ስናገኝ፣ ለመቅደም ከመውጣቴ በፊት ማርሹን ወደ ሦስተኛ ቀነስኩ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል ረገጥኩ። ወዲያው ሳበች።

"ይቺን ብልሃት ቅድም የት አስቀምጠሃት ነበር?" አለች ዘይነባ። (ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲፈትን የኖረ መምህር ዛሬ በሚስቱ ተፈተነ።)

ደሴ ፒያሳ ስንደርስ ዘይነባ እንቅልፍ ወስዷታል። በእኔ መኪና ስትተኛ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

እናንተስ ዳገት ላይ ቱርቦው ሲዘገይባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?