ዙሪያሽ ፀጉሯን የታጠበችበት ቀን

ባለፈው ሐሙስ የእህቴ ልጅ ሃናን ልትጠይቀኝ መጣች። እዚህ ጅቡቲ ሳምንቱ የሚጀምረው እሑድ ስለሆነ፣ እሑድ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪ ሆና ክፍል ልትገባ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ሰጥተዋታል። የቀዘቀዘ የማንጎ ጭማቂ ቀዳሁላት። ሳትቀምሰው፣ «አክስቴ፣ አንቺ ልጆቹን በምን ነበር ጸጥ የምታሰኛቸው? ያንቺ ክፍል የዝንብ ድምፅ ይሰማበት ነበር ይላሉ» አለችኝ። ሳቅ ብዬ ወሬ ቀየርኩ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ቁጭ ባልኩበት ቀረሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 በሚባል ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ስለነበረው ከድሬዳዋ ጠቅልለን መጣን። ሱቅ መቀመጥ አልወድም ብዬ እዚያው ሰፈር በአማርኛ የሚያስተምር አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። መስከረም ነበር፤ ያገሬ መስከረም ሳይሆን የጅቡቲው፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቀሚስ ከጀርባ ጋር የሚጣበቅበት። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አርባ ልጆችና አንድ የምትንቋቋ ማራገቢያ ጠበቁኝ።

ልጆቹ ወዲያው ለኩኝ። በፈረንሳይኛ ይሰድቡኛል፤ ያኔ እኔ ከ«ቦንዡር» በቀር አላውቅም። ጀርባዬን ስሰጥ ጠመኔ ይወረውሩብኛል። በሁለተኛው ቀን ድምፄ ተዘጋ። ዳይሬክተሩ አቶ ሙክታር በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ከቆዩ በኋላ፣ «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልያዝሻቸው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። አባቴ ፊት ተባርሬ መቆሙ ከሞት ይልቅ አስፈራኝ።

በሦስተኛው ቀን ዙሪያሽ አርፍዳ ገባች። የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ። እናቷ የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ልጅቱ ከተማው ዳር፣ ባልባላ፣ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። አክስቷ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች፤ ዙሪያሽ ማልዳ ስታግዝ ቆይታ ነው ሚኒባስ የምትይዘው። ስታልፍ ፀጉሯ ዘይትና ሽንኩርት ሸተተኝ።

«ሳምቡሳዋ መጣችላችሁ!» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ላይ ሳይሆን ከእኔ ጋር ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ አርባዎቹም ቀጥዬ የምለውን እየጠበቁ ዓይን ዓይኔን ያዩ ነበር። ያ ጸጥታ እንዴት እንደጣፈጠኝ ዛሬም አልረሳውም።

በማግስቱ ስሟ ጠፍቶ ሳምቡሳ ሆነ። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ እሸሻለሁ ስትል እሺ አልኳት፤ ዙሪያሽን ለብቻዋ በሩ ጋ አስቀመጥኳት። ሌላ የሚረብሽ ልጅ ካለ፣ «እሷ ጋ ትቀመጣለህ» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። አቶ ሙክታር በመስኮት አይተው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

በአምስተኛው ቀን ዙሪያሽ ቀድማ መጣች። ግቢው ቧንቧ ሥር በልብስ ሳሙና ፀጉሯን ታጥባ፣ ውሃው በዩኒፎርሟ ላይ እየተንጠባጠበ ክፍል ገብታ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። «ቲቸር፣ ታጥቤያለሁ» አለችና እንዳሸታት ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ።

ሳሙና ብቻ ነበር የሚሸተው። ልጆቹ ግን ፊቴን እየጠበቁ ነው። አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ያዝኩ።

አላለቀሰችም። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች፤ የክፍሉ ሳቅ እስከ ግቢው በር ሸኛት።

በሳምንቱ እናቷ መጣች፤ ከእመቤቷ ግማሽ ቀን አስፈቅዳ። በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ አንቱ አለችኝ።

«ልጄ አስቸግራዎት ነው አሉኝ። ጥፋቷን አልነገረችኝም። ብቻ ሽታ አለኝ ትላለች።» ከጉያዋ ገና ያልተፈታ ሽቶ ሳሙና አወጣች። «ማዳም ሰጥታኝ ነው። በዚህ አጥቤ ባመጣት ይቀበሉኛል?»

ምንም ሽታ የላትም፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አቶ ሙክታር ከኋላዬ ቆመዋል። «ትምጣ፣ ግድ የለም» አልኩ፤ ይቅርታ እንደሚያደርግ ሰው። ሴትዮዋ ትከሻዬን ስማ፣ መርቃኝ ሄደች።

ዙሪያሽ አልተመለሰችም። እኔ ግን ጎበዝ አስተማሪ ተባልኩ፤ በዚያው ስም ጡረታ ወጣሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሀራሙስ ለአንድ ወዳጅ ልቅሶ ሄጄ ስመለስ፣ የሰው ሕፃን ያዘለች ሴት በስሜ ጠራችኝ። እሷ ነበረች። እጄን ስዘረጋላት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ነፋሱ ከእሷ ወደ እኔ ይነፍስ ነበር። ተዘዋውራ በሌላው በኩል ከቆመች በኋላ ነው፣ «ቲቸር፣ ደኅና ነሽ?» ያለችኝ። ደኅና ነኝ አልኳት። መንገዴን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ዕለት ለሃናን ደውዬ ይህንኑ ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሃናን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አክስቴ፣ ግን ጸጥ አሉልሽ አይደል?» አለችኝ።

አዎ፣ ጸጥ አሉልኝ። ባይሉልኝ ኖሮ ምናልባት በዚያው ሳምንት ተባርሬ፣ አባቴ ሱቅ ተቀምጬ ጨርቅ ስለካ፣ የተሻልኩ ሰው ሆኜ አረጅ ነበር።