ቨርሊን ጋርበር ከመመለሻው ባንክ የገዛው ከረጢት

በፌርሎን ከተማ ዋና መንገድ፣ በመድኃኒት ቤቱና በፀጉር ቤቱ መካከል፣ ዕድሜዬን በመስኮት ተቀምጬ ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል የጨረስኩበት ባንክ ነበረ። ዛሬ የጥርስ ሐኪም ገብቶበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር፣ በተለይ ማክሰኞ ጧት፣ ጆሮዬ ሳላዘው አንድ ድምፅ ይጠብቃል። በቆርቆሮ ጣራ ላይ በረዶ ሲወርድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው፤ ቨርሊን ጋርበር የግማሽ ዶላር ሳንቲሞቹን ወደ ቆጣሪው ማሽን ሲያፈስ የሚሰማው።

ቨርሊን የቤት ማሞቂያ ምድጃ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ረዥም፣ ጎንበስ ያለ፣ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነበር። ወንበር ስንሰጠው በወንበሩ ዙሪያ ይዞራል እንጂ አይቀመጥበትም። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታና ሳንቲም መፈተሽ ጀመረ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአንድ ባንክ በወረቀት የተጠቀለሉ ግማሽ ዶላሮች በካርቶን ይገዛል፤ ቤቱ ወስዶ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋቸዋል፤ ድሮ በእውነተኛ ብር የተሠሩት ሳንቲሞች ከተራዎቹ ጋር ተቀላቅለው እንደሆነ ይፈልጋል። የሳንቲሙን መልክ ማየት አያስፈልገውም፤ የሚያየው ጠርዙን ነው። ጠርዙ ነጭ ከሆነ ብር ነው፤ የመዳብ ቀይ መስመር ከታየበት ተራ ነው። ብሩ ወደ ኪስ፣ ተራው ወደ ባልዲ፣ ባልዲው ወደ እኛ።

ወደ እኛ እንጂ ወደ ገዛበት አይደለም። ይህ የእነዚህ ሰዎች ሕግ ነው። የሚገዛበትን ባንክ «መቅጃዬ»፣ የእኛን ደግሞ «መመለሻዬ» ይለው ነበር። መቅጃው ካድዌል በምትባል ከተማ፣ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰውየው ትናንት የፈተሸውን ዛሬ መልሶ ሲፈትሽ፣ በገዛ ራሱ ውዳቂ ሲደክም ይኖራል።

«ከመመለሻዬ አንዲት ሳንቲም የገዛሁ ዕለት፣ ዶሪን፣ አእምሮው ሄዷል ብለሽ ኦፓልን ጥሪያት» ይለኝ ነበር። ኦፓል ሚስቱ ናት።

ሳንቲም መቀበል ለእኛ አድካሚ ሥራ መሆኑን ያውቅ ነበርና ማክሰኞ ማክሰኞ ከባልዲው ጋር አንድ ካርቶን ዶናት ይዞ ይመጣል። ከጎኔ ባለው መስኮት የምትሠራው ታሚ ገና በሩ ሲከፈት፣

«የባልዲው ከበርቴ መጣ!» ትላለች። «ዛሬስ ስንት ሚሊዮን ነው?»

«አምስት መቶ ዶላርና አንድ የወገብ ሕመም።»

አሁን የማወጋችሁ ግን የአንድ ሐሙስ ነገር ነው። የካቲት ነበር፤ መንገዱ በረዶና ጨው ተለውሶበት ግራጫ ሆኗል። ባንኩን ገና ሳንከፍት ቨርሊን የመስታወቱን በር በመዳፉ ይመታ ጀመር። ባልዲ የለ፣ ዶናት የለ፤ የካፖርቱ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል።

«ምነው ሚስተር ጋርበር፣ ምን ሆኑ?» ብዬ ከፈትኩለት።

«ዶሪን፣ ማሬ፣ የማክሰኞው ሳንቲሜ አለ? ወይስ የገንዘብ መኪናው ወስዶታል?»

«መኪናው የሚመጣው ከሰዓት ነው። ምነው?»

«የኦፓልን ሰጠኋችሁ።»

«የኦፓልን ምን?»

«ሳንቲሟን ነዋ! ሳንቲሟን!»

ታሚ ለቡና ያነሳችውን ኩባያ አስቀመጠች። የኦፓልን ሳንቲም በፌርሎን የማያውቅ አልነበረም። ሁለቱ ገና ሲተዋወቁ፣ በአውራጃው የመኸር ትርኢት ላይ፣ ሰው ተሳፍሮ በሚሽከረከርበት ትልቅ መንኰራኩር ዳግመኛ እንውጣ አንውጣ ብለው ተከራከሩ። ትኬት ሻጩ መልስ የሰጣቸውን ግማሽ ዶላር ኦፓል ወደ ላይ ጣለችው፤ ለእሷ ወጣላት። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ የቤታቸው ዳኛ እሱ ሆነ። የልጃቸውን ስም፣ የጎተራውን ቀለም፣ ለምስጋና በዓል የማን እናት ዘንድ እንደሚሄዱ ሁሉ ሳንቲሙ ወሰነ። በአንዱ ፊት የሰው መልክ፣ በሌላው ንስር አለና ሰው ወይስ ንስር ይባላል፤ የወደቀው ይጸናል፤ ይግባኝ የለም። በሌላ ጊዜ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ በሸክላ ሳህን ተቀምጦ ይኖራል።

አሁን ደግሞ ከባድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ኦፓልን በክረምቱ ብርድ ጉልበቷን ያማታል፤ ቤቱን ሸጠን ሞቃቷ ፍሎሪዳ፣ እህቴ አጠገብ እንግባ ትላለች። እሱ ያንን ቤት ለቆ መሄድን በሐሳቡም አያስጠጋውም። ግን «አልሄድም» አላላትም። እሷም «እንሂድ» ብላ አልያዘችውም። ለሁለት ሳምንት እህቷ ዘንድ ስትሄድ «ስመለስ እንጥለዋለን» ብለው ተለያዩ። የምትመለሰውም በዚያው ሐሙስ፣ የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ሲገባ ነው።

«ታዲያ እንዴት ባልዲ ውስጥ ገባች?» አልኩት።

ቨርሊን መሬት መሬት አየ። «ሰኞ መቀመጥ አቃተኝ። ወጥ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ስጥላት ዋልኩ። ሰው፣ ንስር፣ ንስር፣ ሰው። አወዳደቋን ልይ ብዬ እኮ ነው። ከዚያ ጥቅልሎቹን ልፈትሽ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። የሬዲዮ ወሬ አዳምጥ ነበር፤ እጄ ሥራውን ይሠራል። እጄ አነሣት፤ ጠርዟን አየ።»

«ቀይ መስመር» አልኩ።

«ቀይ መስመር። ወደ ባልዲ።»

«ታዲያ ሌላ ግማሽ ዶላር ሳህኑ ላይ ያስቀምጡላ!» አለች ታሚ። «ሁሉም አንድ ናቸው።»

«ከንስሩ እግር ሥር ኦፓል በምስማር የጫረቻት ትንሽ ክብ አለች። ደግሞስ አታልላት ትይኛለሽ?» አለ ቨርሊን። «ሆን ብለህ ነው የጣልካት፣ ነገሩ እንዳይወሰን ብለህ ነው ትለኛለች። አርባ ዓመት ያቺ ሳንቲም ያለችውን አንድ ቀን እምቢ አላልኩም። አሁን በመጨረሻው አጭበረበረኝ ብላ ትሙት?»

ማሽኑ የቆጠረው ሳንቲም በከረጢት ታሽጎ ተቀምጧል፤ የታሸገ ከረጢት መፍታት ደግሞ ለእኛ አይፈቀድም። መሸጥ ግን ይፈቀዳል። ሥራ አስኪያጃችን ጭንቅላቱን አከከና «ሺህ ዶላር ነው» አለ። ቨርሊን ለሚቀጥሉት ካርቶኖች ያስቀመጠው ገንዘብ ነበረው። ብዕሩን አነሣ፤ አስቀመጠ፤ ደግሞ አነሣ።

«ከመመለሻዎ ሊገዙ?» አልኩት፣ ማለት አልነበረብኝም እንጂ።

«አታናግሪኝ ዶሪን፣ እባክሽ» ብሎ ፈረመ።

ከረጢቱ እንደ አንድ ግልገል ይከብዳል። ቤት ወስዶ እስኪመለስ አውቶቡሱ ይደርስብኛል ብሎ፣ ደንበኞች ቼክ በሚጽፉበት ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፈን ዘረገፍንለት። ቆሞ ይፈትሽ ጀመር። መከራው ግን ያን ጊዜ ነው የታየው። ዓይኑ የንስሩን እግር ሊያይ ይፈልጋል፤ እጁ ደግሞ ሳንቲሙን ባነሣ ቁጥር ወደ ጠርዙ ያዘነብለዋል። በጠርዙ አይቶ ይጥላል፤ «አላየኋትም፣ አላየኋትም» ይላል፤ የጣለውን መልሶ ያነሣል። ሁለት ጊዜ ክምሩን አደባልቆ እንደ ገና ጀመረ። በየመሀሉ እስከ በሩ ይሄዳል፤ መንገዱን ያያል፤ ይመለሳል።

ላም የሚያረባ አንድ ጎረቤቱ ገባና ክምሩን አይቶ ቆመ። «ቨርሊን፣ ባንኩን ዘረፍከው ወይስ ባንኩ አንተን?»

«ሂድ ወደ ላሞችህ!»

ታሚ ልታግዘው ከመስኮቷ ወጣች፤ በምሳ ሰዓቴ እኔም ገባሁበት። ጥቂት እንደ ቆየን ታሚ ጮኸች፦

«ብር! ሚስተር ጋርበር፣ ነጭ ጠርዝ! ራስዎ የጣሉት ብር!»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ሰው አዳራሹ መካከል ይጨፍር ነበር። ለአንድ እንዲህ ላለ ሳንቲም ስንት ካርቶን እንደሚያገላብጥ አውቃለሁ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ወዲያ አርጊያት» አለ። ታሚ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

ክምሩ ወደ ማለቁ ሲደርስ ታሚ ድንገት እጇን ሰበሰበች። «ወይኔ» አለች።

«ምንድን ነው?» አለ ቨርሊን።

«ትናንት ከረጢቱ ሳይታሸግ… ደንበኞች ከመኪናቸው ሳይወርዱ በሚስተናገዱበት መስኮት በኩል አንዲት ሴት መጣች። ልጄ ጥርሱ ወልቋል፣ እንደ ልማዱ ማታ በጥርሱ ዋጋ ትራሱ ሥር የማስቀምጥለት ግማሽ ዶላር አላችሁ ወይ አለችኝ። ሁለት ዘግኜ ሰጠኋት። ከዚሁ ነበር።»

«ማን ናት?»

«አላውቃትም። መንገደኛ ትመስላለች፤ የሰሌዳዋ ቁጥር የሌላ ክፍለ ሀገር ነው።»

ቨርሊን የቀረውን በጥድፊያ አገላበጠ። ክብ ያለባት አልተገኘችም። ባዶውን ከረጢት አራገፈው፤ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ይዞር ጀመር፤ ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው። «የልጅ ጥርስ ዋጋ ነች» ይላል ለራሱ። «ልጁን ባገኘውስ እንዴት ብዬ ከትራሱ ሥር እወስዳታለሁ?» ማናችንም ሰዓት አላየንም።

በሩ ተከፈተ። ኦፓል ጋርበር ሻንጣዋን እየጎተተች፣ ባርኔጣዋ ላይ በረዶ እንዳለ ገባች።

«መኪናህ እዚህ በር ላይ ቆሟል!» አለች። «እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እንደ ባንዲራ እንጨት ተገትሬ፣ በዚህ ጉልበቴ በረዶ ስገፋ፣ አንተ እዚህ ጠጠር ትለቅማለህ?»

«ኦፓል…»

«ሁለት ሳምንት ብሄድ ባንክ ገብተህ መኖር ጀመርክ?»

«ኦፓል፣ ሳንቲምሽ የለችም።»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሰኞ ሲጥላት መዋሉን፣ እጁ ጠርዟን ማየቱን፣ የልጁን ጥርስ፤ አንዱንም አልሸሸገም። ኦፓል እሱ የማይቀመጥባት ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ቨርሊን፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። እንዳይወሰን ብለህ ነው?»

«አይደለም።»

«ፍሎሪዳን ሽሽት ነው።»

«አይደለም አልኩሽ እኮ! ምን ልማልልሽ?»

እኔና ታሚ ወደ መስኮታችን ልንመለስ አሰብን፤ እግራችን ግን እምቢ አለ። ኦፓል ጎንበስ ብላ ባዶውን ከረጢት ከመሬት አነሣች። የእኛ ባንክ ማኅተም ያለበት ካርድ ተንጠልጥሎበታል። አገላብጣ አየችው።

«ይህ የማን ነው?»

«የኔ» አለ ቨርሊን።

«ከየት ገዛኸው?»

የቨርሊን ጆሮ ቀላ። ወደ እኔ ዞረች። «ዶሪን፣ ከዚህ ነው?»

«ዛሬ ጧት ነው ወይዘሮ ጋርበር። ሺህ ዶላር ከፍለው።»

«ከመመለሻው?»

«ከመመለሻው።»

በመጀመሪያ የከንፈሯ ጥግ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ትከሻዋ። ከዚያ ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «አእምሮዬ የሄደ ዕለት ኦፓልን ጥሯት ብሏችሁ አልነበረም? ለምን አልጠራችሁኝም?» እንባዋን ጠረገችና ባሏን ለረዥም ጊዜ አየችው። «በቃ፣ አምኜሃለሁ። ሆን ብሎ የጣላት ሰው ከመመለሻው አይገዛም።»

እጇን ወደ ክምሩ ሰደደችና አንዲት ተራ ሳንቲም አነሣች፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አስቀመጠቻት። «በል ጥራ። ሰው ወይስ ንስር?»

ቨርሊን ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ቆመ።

«ኦፓል፣ እኔ መሄድ አልፈልግም።»

ሳንቲሟ ጥፍሯ ላይ እንዳለች ቀረች። «ይህን ለማለት አርባ ዓመት ፈጀብህ?»

«አልጠየቅሽኝማ። ሳንቲሟን ነበር የምትጠይቂው።»

«አንተስ እኔን ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«እሺ፤ አንቺስ?»

«እኔ ጉልበቴን ያመኛል» አለች በቀስታ። «እህቴን ደግሞ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ላንቃት ትንሽ ነው የቀረኝ።» ሳንቲሟን ሳትጥላት ወደ ክምሩ መለሰቻት።

«ታችኛውን ክፍል መኝታ አድርጌ ምድጃ አስገባልሻለሁ» አለ ቨርሊን ቶሎ። «ደረጃ የለ፣ ምን የለ።»

«ምድጃም አስገባ፤ ክረምቱንም እንሄዳለን።»

«ጥርን ብቻ።»

«ጥርና የካቲትን።»

«እህትሽ ቤት?»

«እህቴ ቤት አይደለም!»

ሳንቲሙን እየዛቁ ወደ ከረጢቱ እየመለሱ እንዲህ ይጣላሉ። ታሚ ሰብሰብ አድርጋ ለማሽኑ ልትወስድላቸው ብትል ቨርሊን ደነገጠ። «እዚሁ? ከገዛሁበት ልመልስ? አብደሻል እንዴ?» ወደ ካድዌልም አይሆንም፤ መቅጃው ነዋ። ሦስተኛ ባንክ ፍለጋ ሊሄዱ ተነሡ። እሱ በወገቡ፣ እሷ በጉልበቷ፣ ከረጢቱን በሁለት ጆሮው ይዘው በሩን በጀርባቸው ከፈቱት።

ጠረጴዛውን ልጠርግ ስሄድ ያቺ ነጭ ጠርዝ ያላት ጥጉ ላይ ቀርታለች። ሻንጣውንም ረስተውታል። ሁለቱንም ይዤ በበረዶው ላይ ተከትዬአቸው ሮጥኩ።

ቨርሊን ለሳንቲሟ እጁን ሲዘረጋ ኦፓል ቀደመችው። እሱ እንደሚያደርገው አድርጋ ጠርዟን ወደ ብርሃን አዘነበለች፤ ከዚያ ጓንቷ ውስጥ ከተተቻት።

«ይችኛዋን እንኳ እጅህ አይጥላትም» አለችውና መኪናው ውስጥ ገባች።