ኮት የለበሰው ወላጅ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ስልክ ላስመልስ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። በትምህርት ሰዓት ስልክ ክልክል ነው፤ የተያዘበት ተማሪ ወላጅ ያመጣል። “አባባ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ” አለችኝ ዳይሬክተሯ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ደንብ ያለ መነጽር አንብቤ፣ ሁለት የፊደል ስህተት አሳይቻት ፈረምኩ። እንግሊዝኛን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ። መሳቢያው ሲከፈት ግን ከስልኮቹ የቆዳ ልባስ የወጣው ሽታ ባለሁበት አደረቀኝ። የአባቴ ራዲዮ ሽታ ነው።

አባቴ ዛሬ ፎቅ ብቻ በሆነው በቦሌ መድኃኔዓለም ግድም ጤፍ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ባለ ቆዳ ቦርሳዋን ትንሽ ራዲዮ እጁን ሳይታጠብ አይነካትም ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ሰርቄ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ሂሳቡን እንደ ልማዴ ከሁሉም ቀድሜ ጨርሼ ከዴስኩ ስር ብከፍታት፣ የዜና አንባቢው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። መምህራችን ቀሙኝና “ነገ አባትህን ይዘህ ና” አሉኝ።

የጓደኞቼ አባቶች ክራቫት የሚያስሩ የቢሮ ሰዎች ነበሩ፤ የእኔ አባት ግን እግሩ ጭቃ የማያጣው፣ አማርኛው ኦሮምኛ ኦሮምኛ የሚል ሰው ነበር። ስለዚህ የዘመኑ ተማሪ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ሌላ ወላጅ ፈለግሁ፤ የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ለመንኩት። ኮቱን ለብሶ መጣ፤ መምህሩ ፊት ጆሮዬን ቆንጥጦ “ይሄ ልጅ እኮ ቤትም አስቸግሮኛል” አለና ራዲዮዋን ተረከበልኝ። በብልጠቴ እየተኩራራሁ ወጣሁ።

ለካ አባቴ ወላጅ አምጣ መባሌን ከጎረቤት ልጅ ሰምቶ፣ እግሩን ታጥቦ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት ትምህርት ቤት ሄዶ ኖሯል። “የልጁ አባት መጥተው ወስደዋል” አሉት። አባቱስ እኔ ነኝ ብሎ ሊያዋርደኝ ይችል ነበር፤ ግን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቤት ሲገባ ራዲዮዋ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ አላነሳትም። አልመታኝምም።

“ሰውየው ኮት ነበረው አሉኝ” አለ ብቻ፤ ከዚያ ወደ በሬዎቹ ወጣ።

ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ራዲዮ መጠገን ራሴን አስተምሬ፣ ከዚህ እስከ ቦሌ አራብሳ የሚወዳደረኝ አልተገኘም። በመጀመሪያ ደመወዜ ኮት ገዛሁለት። መርቆኝ ተቀበለና ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ እስኪሞት አንድ ቀን አልለበሰውም። መሬታችን በፎቅ መሸፈኑን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት፣ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት በጣቴ አሳይቼው አባቴ እሱ ነው ሳልል መቅረቴን ነው። ለእኔ ብሎ እግሩን ታጥቦ መጥቶ ነበር።